የጣና ባክቴሪያ ለምን ይጠቅማል?

ውድ ጠያቂያችን፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በባዮሎጂ ተመርቀው ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ሲፈልጉ እንደቆዩ፣ ፍላጎትዎ ግን ባክቴሪያዎችን በጂኖማቸው (በሙሉ የዘረመል ስብስባቸው) መመደብና አስቸጋሪ አካባቢን እንዴት እንደሚቋቋሙ ማጥናት እንደሆነ ጽፈውልናል። የጂኖም ማንበቢያ ማሽን ሳይኖርዎት፣ ያውም ጨው አልባ በሆነው ጣና ዳር ተቀምጠው ይህን መመኘትዎ ከንቱ ይሆን እንደሆነም ጠይቀዋል።

ከንቱ አይደለም፤ ማሽኑን የሙያው በር አድርገው መቁጠርዎ ግን ጊዜዎን ይበላል። ናሙና ልኮ በክፍያ ማስነበብ የተለመደ አሠራር ሲሆን፣ የመጣውን ንባብ መተንተን ግን የሰው ሥራ ነው። በነፃ የሚወርዱ የባክቴሪያ ጂኖሞች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ፤ የአንዱ ፋይል በስልክ ከምንቀባበለው ዘፈን ብዙም አይበልጥምና ተራ ላፕቶፕ ይበቃዎታል።

ለልምምድ የአባ ሰንጋን ባክቴሪያና ሁለት የቅርብ ዘመዶቹን ይውሰዱ። 16ኤስ በተባለው፣ 1,500 ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ባሉት ዘረመል ብቻ ቢያነጻጽሯቸው ከ99 በመቶ በላይ ይመሳሰላሉ፤ ሆኖም አንዱ ከብት ይገድላል፣ ሌላው ባደረ ሩዝ ሰው ያስመልሳል፣ ሦስተኛው የተባይ ማጥፊያ ሆኖ ይሸጣል። የአባ ሰንጋ መርዝ ዘረመሎች የሚገኙት ከክሮሞዞሙ ውጭ፣ ፕላስሚድ በተባለ ትንሽ የተለየ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው። ሙሉ ጂኖሞች በአማካይ ከ95 እስከ 96 በመቶ ከተመሳሰሉ አንድ ዝርያ ይባላሉ የሚለውን መለኪያም የእነዚህን ቤተሰብ ብዙ ናሙናዎች ወስደው ይፈትኑት፤ የተለጠፈው ስምና የወጣው ቁጥር የማይገጥሙበትን ቦታ ያገኛሉ፤ የምደባ ባለሙያዎች የሚከራከሩትም እዚያው ላይ ነው።

ወደ ጣና ልመለስ። ፒኤቻቸው (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ወደ 10 በሚጠጋው፣ ማለትም ውኃቸው ጨዋማና እጅግ አልካላይን በሆነው፣ በሻላና በጪቱ ሐይቆች የሚኖር ባክቴሪያ ሶዲየምን እያስወጣ ፕሮቶን የሚያስገባ፣ እንዲህ ያለውን ውኃ ለመቋቋም የሚረዳ የሽፋን ፕሮቲን ቢኖረው፣ ይህ ብቻውን የመላመድ ማስረጃ አይሆንም፤ በተራ ውኃም ሆነ በአንጀታችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን መሰል ፕሮቲን አላቸውና። ልዩነቱ የመላመድ ይሁን የዘር ሐረግ የሚለየው ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ከሚኖር የቅርብ ዘመድ ጋር ሲነጻጸር ነው። እንግዲህ እንደ ጉድለት የቆጠሩት ሐይቅ ማነጻጸሪያዎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ባክቴሪያው በፒኤች 10 በእርግጥ ማደጉን ግን ጂኖሙ አይነግርዎትም፤ በብልቃጥ አሳድጎ ማየት ግድ ነው።

ስለዚህ የኮምፒውተሩን ትምህርት ሲይዙ የቤተ ሙከራ እጅዎን አያሰንፉ። ያማከርኩት አንድ ወጣት በደንብ ያልተነጠለ ናሙና ልኮ የሁለት ባክቴሪያ ጂኖም ተደባልቆ መጥቶለት፣ ገንዘቡም ወራቱም ባክነውበታል።

«የባክቴሪያ ጂኖም ተንታኝ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ግን ብዙ አይጠብቁ። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን የሚከታተሉ የጤናና የእንስሳት ቤተ ሙከራዎች ይህንኑ ክህሎት ስለሚሹ፣ ማመልከቻዎን ወደዚያም ይላኩ። የአባ ሰንጋውን ንጽጽር በሁለት ገጽ ጽፈው፣ ያልገጠመልዎትን ውጤት ሳይደብቁ፣ የመመረቂያ ጽሑፍዎን ላማከሩዎት መምህር ያሳዩ፤ የድጋፍ ደብዳቤውን የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ይሁን።