በቃል አዝዞ የሚክድ አለቃ ላስቸገራት እህት

እህቴ፣ «የምሠራው የግል ድርጅት ነው፤ አለቃዬ በቃል ያዘዘኝን ሲበላሽ ይክደኛል፣ በሰው ፊት ይጮህብኛል። ልቻለው ወይስ ልልቀቅ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍሽው መሰለኝ። እኔም ከውጭ ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስሙ ይቅር።

የእኔው ሰውዬ ወረቀት አይወድም። ትእዛዙ ሁሉ በስልክ ወይ ኮሪደር ላይ ነው። አንድ ወር «የቫቱን ሪፖርት ያዢው፣ የምጨምረው ደረሰኝ አለ» አለኝ። ያዝኩት። ቀኑ አለፈ፣ ቅጣት መጣ። ሾፌሩ ሳይቀር ባለበት «ማን ያዢ አለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

እናቴ «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ትለኛለች። ጓደኞቼ «ልክ ልኩን ንገሪው» ይላሉ። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ዝም ስል ባሰበት። ስመልስለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈብኝ። ለዚህ ጊዜ ወረቀት ተገኘ!

የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነው። በቃል ያዘዘኝን ሁሉ ወዲያው በቴሌግራም እጽፍለት ጀመር። ቁጣ የለበትም፣ ወቀሳ የለበትም። «እንደምን ዋሉ፤ ጠዋት በነገሩኝ መሠረት ክፍያውን እስከ ሐሙስ አቆይቼዋለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ይንገሩኝ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ አይመልስም፤ ማንበቡ ግን ይታያል። መጀመሪያ «ጸሐፊ ሆንሽ እንዴ?» እያለ ቀለደብኝ። ቆይቶ ግን ትእዛዙ ራሱ ተለወጠ። እንዲጻፍበት የማይፈልገውን ነገር እኔን ማዘዝ ተወ። ጩኸቱ አልቀረም፣ ሰውዬው ያው ነው። የሱን ጥፋት እኔ ላይ መለጠፍ ግን አልቻለም። አንቺም ስትጀምሪ የመልእክቱን ስክሪንሾት በራስሽ ስልክ ያዢ፤ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ እንዳትተዪው።

መልቀቁን በተመለከተ፣ ተናደሽ አትውጪ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውራ ወጣች፤ ከዚያ ለአንዲት የሥራ ልምድ ወረቀት ስትመላለስ ከረመች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ መልቀቅ ትችያለሽ። የሱ ይሁንታ አያስፈልግሽም። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አስገቢ፣ አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርምልሽ። ሰብዓዊ ክብርሽን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመብሽ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣትም ይቻላል። ግን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀምሽበት ይህ መብት ያልፋል፣ ማስረጃም ይፈልጋል። ያልተከፈለሽ ኦቨርታይም ካለም አታሳድሪው፤ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ ክስሽ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው።

እኔ መጀመሪያ ሌላ ሥራ ፈለግኩ። ለፈተናና ለኢንተርቪው የዓመት ፈቃዴን ቀን በቀን እየቆረጥኩ ወሰድኩ። ሐምሌ የሂሳብ መዝጊያ ስለሆነ ያን ጊዜ አሳልፌ ነው ደብዳቤዬን ያስገባሁት። ለሱ አዝኜ እንዳይመስልሽ፤ ርክክቡ ላይ «ሥራ አንጠልጥላ ሄደች» የሚል ሰበብ እንዳያገኝብኝ ነው።

30 ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ቢሮው ጠራኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጪ አለኝ። «በአንቺ ቦታ የሚሆን ሰው ታውቂያለሽ?»

በጽሑፍ ይላኩልኝ አልኩት።