ለኮምቦልቻ ጉዞ ሰኞን ያስቡ

ጥያቄ፦ አባቴ በኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ በፈተል ክፍል ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። እኔ ግን አያቴ ዘንድ አዲስ አበባ በማደጌ አካባቢውን በቅጡ አላውቀውም። በጥር ወር እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ለሦስት ቀናት ልሄድ አስቤያለሁ፤ ፋብሪካውን ገብቶ ማየት ይቻላልን? ከፋብሪካውስ ሌላ ምን የሚታይ ቅርስ አለ?
(ት. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፋብሪካው ሥራ ቦታ እንጂ ሙዚየም ስላልሆነ፣ አስቀድመው ፈቃድ ሳይጠይቁ ልጆቹን በር ላይ ባያቆሟቸው ይሻላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የከተማዋ ፋብሪካዎች ዝርፊያና ውድመት እንደደረሰባቸውም አይዘንጉ። በእኛ አስተያየት፣ ከአባትዎ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦች ጋር ከአቦል እስከ በረካ ቡና ጠጥቶ ወሬያቸውን ማዳመጥ ማሽኑን ከማየት ይበልጣል።

ዋናው ምክራችን እሑድ ኮምቦልቻ እንዲደርሱ ነው። በማግስቱ ሰኞ፣ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ባቲ፣ ከአፋር ቆላ ግመልና ከብት እየነዱ የሚወጡት ከደጋ እህል ጭነው ከሚወርዱት ጋር የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ይውላል፤ የባቲን ቅኝት በሬዲዮ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀን ሊያመልጠው አይገባም። ፀሐይዋ ሳትበረታ በማለዳ ይነሡ።

ማክሰኞ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደሴ ይውጡ፤ ከፍታው በ600 ሜትር ገደማ ስለሚጨምር ለእናትዎ ጋቢ ይያዙላቸው። በደሴ ከሁሉ አስቀድመው ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ይዩ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት እኒህ የወሎ ገዥ፣ ከደሴ በስተሰሜን ባለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው ጉባኤ በኋላ ነበር ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል የተባሉት፤ ልጆቹ ይህን አስቀድመው ቢሰሙ አዳራሹ ባዶ ቤት አይመስላቸውም። የደሴ ሙዚየምም በጦርነቱ ተዘርፎ ስለነበር፣ ከመሄድዎ በፊት ክፍት መሆኑን ይጠይቁ።

በሦስተኛው ቀን ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሐይቅ መውረድ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶችን ስለማያስገባ፣ እርስዎና እናትዎ በሐይቁ ዳር ቆይተው፣ ከልጆቹ ወንድ ያለ እንደሆነ ከሚታመን ዘመድ ጋር ቢልኩት ነው የሚሻለው።