«የስም ወረራ» እና «አየር በአየር» ለየቅል ናቸው

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሌላ ድርጅትን ስም ቀድሞ በዶሜይንነት (በድረ ገጽ አድራሻነት) አስመዝግቦ መልሶ ለዚያው ድርጅት መሸጥ በእንግሊዝኛ «ሳይበርስኳቲንግ» ይባላል። እኔ «የስም ሌብነት» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ግን «እኔም ዶሜይን ገዝቼ እሸጣለሁ፣ ሌባ ነኝ እንዴ?» ብሎ ተቀየመኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ቢቀየም እውነት አለው። ሌብነት ከሰው እጅ መውሰድ ነው። የሰው የይለፍ ቃል ሰብሮ የተመዘገበ ዶሜይን ቢወስድ ሌባ እንለው ነበር፤ ማንም ያልያዘውን ስም ከፍሎ የያዘን ሰው ግን ሌባ ማለት ይከብዳል።

«የጨረቃ ቤት» ቢባልስ? ቃሉ ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም። የጨረቃ ቤት የሚሠራ ሰው መጠለያ ቸግሮት ነው፤ ይኖርበታል። ይሄኛው ባለስሙ መጥቶ እስኪለምነው ነው የሚጠብቀው።

እኔ «የስም ወረራ» እላለሁ። ወረራ ሲባል የተያዘው ነገር ባለቤት እንዳለው አብሮ ይሰማል። አሜሪካዊው ዴኒስ ቶፐን እ.ኤ.አ. በ1995 ፓናቪዥን ዶት ኮምን አስመዘገበና የካሜራ ኩባንያውን 13 ሺህ ዶላር ጠየቀ። ጉዳዩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1998 ተፈረደበት። ወረራ ማለት ይሄ ነው።

ተራ ቃል ይዞ ዋጋው እስኪወጣ የሚጠብቀውስ? ቢዝነስ ዶት ኮም በ1999 በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ «ቢዝነስ» ደግሞ የማንም የግል ስም አይደለም። ለዚህ ገበያው ራሱ ቃል ሰጥቶናል፦ አየር በአየር። የወቀሳ ሽታ አለው፣ ግን ወንጀል ነው አይልም። ነገሩን የሚጠሉ ሰዎች «ስም አጥሮ ማስቀመጥ» ቢሉትም አልቃወምም፤ ታጥሮ ሣር የበቀለበትን ቦታ ሁላችንም አይተናል።

ሁለቱን የሚለየው በሕግ አማርኛ «ቅን ልቦና» የምንለው ነው። ኡዚ ኒሳን በ1994 ኒሳን ዶት ኮምን ያስመዘገበው ኒሳን የገዛ ቤተሰቡ ስም ስለሆነ ነው፤ ኮምፒውተር ይነግድበት ነበር። መኪና አምራቹ በ1999 ከሰሰው፣ ለዓመታት ተከራከሩ፣ ዶሜይኑ ግን እጁ ላይ ቀረ። እሱን ወራሪ ብንለው በደል ነው።

ስለዚህ ጓደኛዎን «የዶሜይን ነጋዴ» ይበሉት፣ ያኛውን «ስም ወራሪ»። «ስም» የምትለዋን ግን አይጣሏት፤ «ወራሪ» ብቻውን ሲቆም ጦር ይመስላል።