«ከ18 በታችና ከ60 በላይ» ሲባል «ና» ምን ያገናኛል?

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ እየተማርኩ ነው። «ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታችና ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ጎብኚዎች በነጻ ይገባሉ» የሚለውን ደንብ በጃቫ ስጽፍ ሁለቱን ሁኔታዎች በ«እና» ምልክት አገናኘኋቸው። ፕሮግራሙ አንድም ሰው በነጻ አላስገባም። «እና»ን በ«ወይም» ብተካው ሠራ። ታዲያ የተሳሳተው አማርኛው ነው?

መልስ፦ አማርኛው ትክክል ነው፤ ደንቡን አይንኩት። እዚህ ላይ «ና» ያገናኘው ሁለት ዓይነት ሰዎችን ነው፤ ልጆቹም ይገባሉ፣ አረጋውያኑም ይገባሉ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ግን ሰዎቹን በጅምላ አያያቸውም፤ አንድ ጎብኚ ይቀርብለታል፣ የዚያን ሰው ዕድሜ ይመረምራል። ስለዚህ ኮዱን ከመጻፍዎ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ወደ ነጠላ ቁጥር ይለውጡት፦ «ዕድሜው ከ18 በታችና ከ60 በላይ የሆነ ጎብኚ»። ጆሮዎ ወዲያው ይቃወማል፤ እንዲህ ያለ ሰው አልተፈጠረም። በነጠላ ቁጥር ሲሆን አማርኛው ራሱ «ወይም»ን ይጠይቃል።

ይህን «ወይም» ከ«ወይስ» ጋር እንዳያምታቱት አደራ እላለሁ። ቋንቋችን ሁለቱን መለየቱ ትልቅ ሀብት ነው። «ሻይ ወይስ ቡና?» የሚል ሰው አንዱን እንድንመርጥ ይፈልጋል። «መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያለው ይግባ» ሲባል ግን ሁለቱንም የያዘ ሰው ከበር አይመለስም። የፕሮግራሙ ምልክትም ልክ እንደዚህ ነው።

ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉት አሉታ ላይ ነው። «ከአዳማ ወይም ከሐዋሳ ያልመጣ ሰው ይክፈል» የሚለውን ቃል በቃል ይዘው «ከተማው አዳማ አይደለም፣ ወይም ሐዋሳ አይደለም» የሚል ሁኔታ ይጽፋሉ። ይህ ሁኔታ ለማንም ሰው ሁልጊዜ እውነት ነው፤ የአዳማው ሰው ከሐዋሳ ስላልመጣ ይከፍላል፣ የሐዋሳውም ከአዳማ ስላልመጣ ይከፍላል። የጠራው አማርኛ «ከአዳማም ከሐዋሳም ያልመጣ» ነው። «ም» በሁለቱም ስሞች ላይ ተደግሞ ከአሉታ ግሥ ጋር ሲመጣ ሁለቱንም አንድ ላይ ይክዳል፤ በኮድ ሲጻፍም በ«እና» የተያያዙ ሁለት አሉታዎች ይሆናል። በ19ኛው መቶ ዘመን በኖረው የሒሳብ ሊቅ በኦገስተስ ደ ሞርጋን ስም የሚጠራው ሕግ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ «ወይም» ሲካድ «እና» ይሆናል፣ «እና» ሲካድ «ወይም» ይሆናል። «እናቱም አባቱም የሉም» የሚል ሕፃን ሕጉን ሳይማረው በትክክል ይናገረዋል።

የእርስዎንም ደንብ በዚሁ መንገድ ይገልብጡት። የሚከፍለው ከ18 በታችም ከ60 በላይም ያልሆነ ሰው ነው፤ ማለትም ዕድሜው ከ18 የማያንስ እና ከ60 የማይበልጥ። እዚህ «እና» በትክክለኛ ቦታው ገብቷል። «በታች» 18ን፣ «በላይ»ም 60ን ስለማይጨምሩ፣ 18 ዓመት የሆነውም 60 ዓመት የሆነውም ጎብኚ ይከፍላሉ።