የሣር ማጨጃ ሞተር ሲያስቸግር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ ዙር የመረጥኳቸው ጥያቄዎች በሙሉ በቤንዚን የሚሠራውንና በእጅ የሚገፋውን የሣር ማጨጃ የሚመለከቱ ናቸው። ከመልሶቹ በፊት አንድ አደራ አለኝ። እጅዎን ወደ ስለቱ ከማስጠጋትዎ በፊት የካንዴላውን፣ ማለትም ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ገመድ ነቅለው ያርቁት። በአብዛኞቹ ማጨጃዎች ስለቱ የሚታሰረው በቀጥታ በሞተሩ ዘንግ ላይ ስለሆነ፣ ስለቱን በእጅ ማዞር ሞተሩን ማዞር ነው፤ ሞተሩም ድንገት ቢነሣ ጣት ይቆርጣል።

ማጨጃዬ ለአራት ወራት ያህል ቆሞ ነበር። አሁን የማስነሻ ገመዱን ደጋግሜ ብስበውም አይነሣም። ካርቡራተሩን ላስቀይር?

አይቸኩሉ። ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል ነው። ሞተር የሚነሣው ቤንዚን፣ አየርና የእሳት ብልጭታ በልካቸውና በጊዜያቸው ሲገናኙ ነው፤ ከእነዚህ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ከሳቡ በኋላ ካንዴላውን ፈትተው ጫፉን ይመልከቱ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ ወደሚነድበት ክፍል፣ ወደ ሲሊንደሩ፣ አልደረሰም። ረጥቦ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ግን ነዳጁ ደርሷልና፣ ወይ ብልጭታው ጠፍቷል ወይም ቤንዚኑ ከልክ በላይ ገብቶ ሞተሩን አፍኖታል።

አራት ወር ቆሟል ካሉኝ ግን በመጀመሪያ የምጠረጥረው ቤንዚኑን ነው። ቤንዚን ሲቆይ ለማቀጣጠል የሚረዳው ቀላሉ ክፍል ተንኖ ያልቃል፤ ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በ30 ቀናት ገደማ ጥራቱ መውረድ ይጀምራል። በካርቡራተሩ ሥር ባለችው ትንሽ ሳህን ውስጥ የቀረው ሙጫ ወደመሰለ ዝቃጭ ይለወጥና መካኒኮች ጅግለር የሚሉትን፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚጠበውን የነዳጅ ቀዳዳ ይደፍነዋል።

ስለዚህ አሮጌውን ቤንዚን አውጥተው አዲስ ይጨምሩ። አሁንም ካልተነሣ የነዳጁን መስመር ዘግተው የሳህኗን ቡሎን ይፍቱ። በአንዳንድ ሞዴሎች ጅግለሩ ያ ቡሎን ራሱ ስለሆነ፣ ወደ ብርሃን አቅንተው ቀዳዳዎቹን ይመርምሯቸው። ብርሃን ካላሳለፉ በካርቡራተር ማጽጃ ፈሳሽ ያርሷቸውና ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ በመዘዙት አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ቀስ ብለው ይክፈቷቸው። በጠንካራ የብረት ሽቦ መጎርጎር ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ የነዳጁን ልክ ለዘለቄታው ያበላሻል። ካንዴላውን መልሰው ከመግጠምዎ በፊትም ክፍተቱን ይለኩ፤ በብዙዎቹ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

ይነሣል፤ ነገር ግን አሥር ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ይጠፋል። ጥቂት ሲያርፍ እንደገና ይነሣል።

የቤንዚን ማጠራቀሚያው ክዳን አየር የሚያስገባባት ጠባብ ቀዳዳ አለችው። እርሷ በአቧራ ከተደፈነች ቤንዚኑ በጎደለ መጠን አየር ስለማይተካው ነዳጁ መውረዱን ያቆማል። ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያውኑ ክዳኑን ላላ ያድርጉት፤ አየር ሲገባ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ከሰሙና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ጥፋቱ ተገኝቷል። ካልሆነ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ ብልጭታውን ይፈትሹ፤ አንዳንድ ኮይል፣ ማለትም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ፣ ሲቀዘቅዝ ይሠራና ሲግል ይከዳል።

ሞተሩ ሲሠራ ድምፁ ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ ይላል።

ነዳጁ ከአየሩ አንሶበታል። ቾኩን፣ ማለትም ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን አየር የሚቀንሰውን መዝጊያ፣ በጥቂቱ ሲዘጉት ድምፁ ከተረጋጋ፣ ወይ ጅግለሩ በከፊል ተደፍኗል ወይም በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ካለው ማሸጊያ አየር እየገባ ነው።

ስለቱን ለማጽዳት ማጨጃውን በጎኑ አጋደምኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ነጭ ጭስ አወጣ። ተቃጠለ ማለት ነው?

አልተቃጠለም። ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩና ወደ ካርቡራተሩ ፈስሶ ነው፤ ደጅ ላይ ጥቂት ደቂቃ ሲሠራ ተቃጥሎ ያልቃል። በዝግ ክፍል ውስጥ ግን ፈጽሞ አያስነሡት፤ የሞተር ጭስ ሽታ የሌለውና የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ለወደፊቱ ሲያጋድሙት ካርቡራተሩና የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ ይሁኑ። የወረቀት ማጣሪያው በዘይት ከራሰ ይቀየራል እንጂ አይታጠብም። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል።

ስለቱ ድንጋይ መታና ሞተሩ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ገመዱን ስስበው ከእጄ መልሶ ይነጥቀኛል።

ይህ ጥያቄ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ደኅና ሞተር ይጥላልና። ከሞተሩ ላይ የተቀመጠው ከባድ ጎማ መሰል ብረት፣ ቮላኖው፣ ማግኔት ተሸክሟል፤ ማግኔቱ በኮይሉ አጠገብ ሲያልፍ ብልጭታው ይፈጠራል። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር በትክክለኛው ቦታ የምታስቀምጠው የጣት ጥፍር የምታህል ለስላሳ የብረት ሽብልቅ ናት። ስለቱ በድንገት ሲቆም ቮላኖው በጉልበቱ ሊቀጥል ይሞክራል፤ ያኔ ሽብልቋ ትቆረጣለች ወይም ትጣመማለች። ከዚያ በኋላ ብልጭታው ያለጊዜው ስለሚመጣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰውን ፒስተን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ገመዱን የሚነጥቅብዎ እርሱ ነው።

ቮላኖውን በመንቀያ አንሥተው ሽብልቋን ይመልከቱ። ጥቂት እንኳ ከተዛባች በአዲስ ይተኳት፤ በጠንካራ ብረት ግን አይተኳት፤ ለስላሳ የሆነችው ለሌላው ክፍል ቤዛ እንድትሆን ነው። ሽብልቋ ተቀይራ ሞተሩ ሲነሣ ከወትሮው በላይ ቢንቀጠቀጥ ወዲያው ያጥፉት። ስለቱን አውጥተው መሐል ቀዳዳውን በሚስማር ላይ ያንጠልጥሉት፤ አንዱ ጎን ካዘነበለ ክብደቱ ተዛብቷል። ስለቱ ደኅና ሆኖ መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ዘንጉ ሳይጎብጥ አልቀረም፤ በዚያ ሁኔታ ማጨድ አደገኛ ነው።

ዘይቱን በየስንት ጊዜ ልቀይር?

አዲስ ሞተር ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ 5 ሰዓታት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ በየ50 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይቀይሩ። አብዛኞቹ እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች የዘይት ማጣሪያ ስለሌላቸው ከውስጥ የተፋቀው ብናኝ የሚወጣው ከዘይቱ ጋር ብቻ ነው። ሞተሩን ጥቂት ካሠሩ በኋላ ለብ እንዳለ ያፍስሱት፤ ያኔ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። የሚበቃው ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ በዘይቱ መያዣ ላይ ከሚጻፉት የውፍረት ቁጥሮች ለሞቃት አየር 30 ቁጥር፣ ብርድም ሙቀትም ለሚፈራረቅበት 10ደብልዩ-30 ይስማማል። ማጨጃውን ደልዳላ ቦታ አቁመው ልኩን በመለኪያው ዘንግ እያዩ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ከላይኛው ምልክት ካለፈም የበዛውን ያውጡት።