ድንቼን ውርጭ መታብኝ፤ የጎረቤቴ ለምን ተረፈ?

ጥያቄ፦ ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። በመስኖ የተከልኩት ድንች ሊያብብ ሲል በአንድ ሌሊት ጠቆረ። ማሳዬ ረባዳው ላይ ነው፤ በታች በኩል ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ዳገቱ ላይ ያለው የጎረቤቴ ድንች ግን ምንም አልሆነም። ጭድ ጎዝጉዤ ነበር፣ ሌሊቱንም ጭስ አጭሻለሁ። በሬዲዮ የሰማሁት ዝቅተኛ ሙቀት ደግሞ 3 ዲግሪ ነው። 3 ዲግሪ እንዴት ያቃጥላል? አሁንስ ነቅዬ ልጣለው?

መልስ፦ አይንቀሉት። ቅጠሉ ጠቁሮ ቢረግፍም ከአፈር በታች ያለው ግንድ በሕይወት ካለ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሳምንት ያህል ይታገሱና ግንዱን ከሥሩ አካባቢ በጥፍርዎ ፋቅ አድርገው ይዩት፤ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ተስፋ አለው። እስከዚያው አፈሩ እንዳይደርቅ ቀለል አድርገው ያጠጡ፤ ማዳበሪያ አይጨምሩ፣ ቅጠል የሌለው ተክል አይጠቀምበትምና። ዘግይቶ ስለሚደርስ ምርቱ እንደሚቀንስ ግን ከወዲሁ ይወቁት።

ሬዲዮው የነገረዎት ትክክል ነው። የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ መጠለያ ውስጥ ነው፤ የሚለካውም አየሩን ነው። የእርስዎ ድንች ቅጠል ግን ሰማይ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ያድራል። ማንኛውም ነገር ሙቀቱን በማይታይ ጨረር ወደ ውጭ ይለቃል። ደመና ሲኖር ደመናው ራሱ ጨረር ወደ መሬት ስለሚልክ የጠፋው በከፊል ይካካሳል። ሰማዩ ሲጠራ ግን የሚመለሰው ጥቂት ነው፤ ነፋስ ከሌለ ደግሞ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ወርዶ አይቀላቀልም። በእንዲህ ያለ ሌሊት ቅጠሉ ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። የድንች ቅጠል ከዜሮ በታች 1 ወይም 2 ዲግሪ ላይ ይጎዳል። ስለዚህ ጣቢያው 3 ባለበት ሌሊት የእርስዎ ማሳ ዜሮን አልፎ ወርዷል ማለት ነው። ብርዱ የሚከፋውም ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ያደረው ሙቀት ያልቃልና።

ጎረቤትዎን ያዳነው ዳገቱ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳ ላይ ይተኛል። የእርስዎ ማሳ ላይ ሲደርስ ደግሞ ባሕር ዛፉ ገደበው። ከታች በኩል ያለውን ዛፍ ቢያንስ በአንድ ቦታ ሰፋ አድርገው ይክፈቱት፤ ቀዝቃዛው አየር መውጫ ያግኝ። ከላይ በኩል ያለ አጥር ወይም ዛፍ ካለ ግን አይንኩት፤ የሚወርደውን ቅዝቃዜ ወደ ጎን ስለሚመልስ ይጠቅምዎታል።

አሁን ወደ ጭዱ። ብዙ አርሶ አደሮች የሚጎዱበት ነገር ስለሆነ በደንብ ላስረዳ። ዲግሪ የሚነግረን አንድ ነገር ምን ያህል እንደሞቀ ነው፤ ምን ያህል ሙቀት እንዳከማቸ አይነግረንም። አንድ ኪሎ ውሃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 4.2 ኪሎጁል (ኪሎጁል የሙቀት መጠን መለኪያ ነው) ይፈልጋል፤ ለአንድ ኪሎ ደረቅ አፈር ግን 0.8 ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ እርጥብ አፈር ቀን ከፀሐይ ብዙ ሙቀት ያጠራቅማል፣ ከሥር ወደ ላይም ቶሎ ያስተላልፋል፣ ሌሊትም ቀስ እያለ ለተክሉ ይሰጣል። ጭድ በውስጡ አየር ስለያዘ ሙቀት አያሳልፍም። ቀን ፀሐይዋ አፈሩን እንዳታሞቀው ይከለክላል፤ ሌሊት ደግሞ የአፈሩን ሙቀት ከታች ያስቀረዋል፤ ቅጠሉ ከጭዱ በላይ ብቻውን ይቀራል። እርጥበት ለመያዝ ጉዝጓዝ ጥሩ ነው፤ በውርጭ ወራት ግን ያንሱት። አዲስ የተኮተኮተ ልቅ አፈርም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ስለዚህ ኩትኳቶውንና አፈር ማስታቀፉን ቀደም ብለው ይጨርሱ። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲቆምና ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲጠና፣ ውርጭ ይመጣል ብለው ይጠብቁ። ምልክቱን ማየት እንደጀመሩ ሳይዘገዩ፣ ውርጩ ከመምጣቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድመው፣ ማሳውን ጠዋት ላይ በቦይ ያጠጡት፤ ፀሐይዋ እርጥቡን አፈር ታሙቀው።

ሌሊት ቅጠል ላይ ውሃ በባልዲ መርጨት ግን ክፉኛ ይጎዳል። ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት በረዶ ሲሆን ከሚለቀው ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚረጭ መሣሪያ ከሌለዎት አይሞክሩት።

ስለ ጭሱ፣ ድካምዎ ያሳዝነኛል። የጭስ ብናኝ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ለማገድ በጣም ደቃቅ ነው። የሚጠቅመው የእሳቱ ሙቀት ነው፤ እሱም ማሳው ውስጥ በተበተኑ ብዙ ትናንሽ እሳቶች እንጂ በአንድ ትልቅ እሳት አይደለም። ትልቁ እሳት ሞቃቱን አየር ወደ ላይ ይዞት ይሄዳል፣ በምትኩ ቀዝቃዛውን ከዳር ይስባል። ማገዶው ውድ በሆነበት አገር እኔ አልመክረውም። ለመደብ ችግኝ ግን ማልበስ ይሠራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሳር ወይም ጆንያ በእንጨት ላይ ዘርግተው ቅጠሉን ሳይነካ ይሸፍኑት፣ ጠዋት ያንሱት። ላስቲክ ቅጠል ላይ ከተኛ፣ የነካው ቦታ ሁሉ ይመታል።

አባቶች «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ለሰው ነው፤ ለድንች የሚበጀው ቀኑን መምረጥ ነው። በእናንተ አካባቢ ውርጩ የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ረባዳው ላይ በታኅሣሥ መጨረሻ ቢተክሉ፣ ቡቃያው ከመሬት የሚወጣው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ የከፋው ጊዜ ያልፋል። ዳገት ላይ ጥቂት መሬት ካለዎት ቀደም ብሎ የሚተከለውን ድንች ወደዚያ ያውጡት፤ ረባዳው ላይ ለከብቶችዎ መኖ አጃ ይዝሩበት፣ ውርጭን ከድንች በተሻለ ይቋቋማል።