ሽጣት አልኩት፤ ዝም አለኝ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልሽ ከቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ነው። በትዳር 19 ዓመት ኖረናል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ በመጪው ነሐሴ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ባለቤቴ አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ሥራ አክባሪ ነው። ግን አንዲት መኪና አለችው፤ የ1987 ፖርሽ 911። እኔን ከማግባቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ ዋሽንግተን ፓርኪንግ ሲሠራና ታክሲ ሲነዳ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛት ናት። ቤት ስንገዛ እኔ መኝታ ቤቶቹን ሳይ እሱ ጋራዡን ይለካ ነበር። ከፖርሽ ሌላ ለእሱ መኪና የለም። ከፖርሽም ቢሆን ከዚህች ዓይነቷ ሌላ አይቀበልም፤ ጓደኛው ‹ካየን› የሚባለውን ፖርሽ ገዝቶ እንኳን ደስ ያለህ ልንለው ሄደን፣ ‹ይሄማ ፖርሽ አይደለም› ብሎ አሳፍሮኛል። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ይዟት ስካይላይን ድራይቭ ወደሚባለው የተራራ መንገድ ይሄዳል። በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበተን አያወጣትም፤ ግን ማታ ማታ ጋራዥ ወርዶ ውስጧ ይቀመጣል። አንድ ቀን ምን እንደሚያደርግ ብጠይቀው ‹ድምፅዋ የአባባን ቮልስ ያስታውሰኛል› አለኝ። ያልተነሳ ሞተር ምን ድምፅ አለው?

ባለፈው ወር ከባንክ ወረቀት መጣ። ቤታችንን አስይዘን ለክፉ ቀን ብለን ከከፈትነው ብድር 18,000 ዶላር አውጥቶ ሞተሯን አሠርቷል። አላማከረኝም። ‹ሽጣት› አልኩት፤ ዝም አለኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ስለ ልጆቹ ካልሆነ አንነጋገርም። ይህ በሽታ ነው? ሽማግሌ ልላክበት? ወይስ ተስፋ ቆርጬ ልተወው?»

እኅቴ፣ በገንዘቡ ልጀምር። ተበድለሻል። የሁለታችሁን ቤት ያስያዘ ብድር አንዳችሁ ብቻውን ሲያወጣውና ሌላው ከፖስታ ሳጥን ሲደርስበት፣ ከገንዘቡ ጋር እምነትም አብሮ ይጎድላል። ገንዘቡ ለመኪና ሳይሆን ለእናቱ ቤት ማደሻ ውሎ ቢሆን እንኳ ይህንኑ እልሽ ነበር። ስለዚህ «አበዛሁት ይሆን?» ብለሽ ራስሽን አትጠራጠሪ።

ነገር ግን «ሽጣት» ባልሽው ጊዜ አንቺ ሁለት ነገር በአንድ ቃል መትተሻል፤ የደበቀሽን ብድርና የሚወዳትን መኪና። ስለ ብድሩ ቢሆን መልሱ አጭር ነበር፤ «አጥፍቻለሁ» ማለት ይችላል። ስለ መኪናዋ ያለው መልስ ግን ረጅም ነው፤ ምናልባትም ለማንም ተናግሮት አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ሲቆጡት ዝም ይላል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለቱንም ጊዜ የቆምኩት የአባቱ ቮልስ ላይ ነው። አንቺ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰሽ አልፈሻታል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያቺን ድምፅ ያውቃታል፤ ከመኪናዋ ኋላ የሚመጣ፣ ደረቅ፣ የሚንተከተክ ድምፅ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር የአንድ ጎረቤታችን ቮልስ ነበረች፤ ማታ ስትገባ በር ከመከፈቱ በፊት ልጆቹ «አባባ መጣ!» ብለው ይሮጡ ነበር። ባለቤትሽ ጆሮው አልተሳሳተም። ሁለቱ መኪኖች የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ቮልስን በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። በ1948 ልጁ ፌሪ ኦስትሪያ ውስጥ፣ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፖርሽ የሚል ስም የያዘችውን የመጀመሪያዋን ስፖርት መኪና ሲሠራ የተጠቀመው የቮልስ ዕቃ ነበር። በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ለሕዝብ የታየችው 911ም ሲሊንደሮቿ ስድስት ይሁኑ እንጂ ሞተሯ እንደ ቮልስ ከኋላ ነው፤ ውኃና ራዲያተር የላትም፣ በአየር ትቀዘቅዛለች። እስከ 1998 ድረስ እንዲያ ሆና ቆይታለች። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሲሆን ብዙ የልብ ወዳጆቿ «ድምፁ ሞተ» ብለው አዘኑ። ባለቤትሽ የ1987ቷን አጥብቆ መያዙ፣ በ2002 የመጣውን ካየንን ደግሞ አልቀበልም ማለቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ታማኝነቱ ለኩባንያው ቢሆን ኖሮ ካየኑንም ያመሰግን ነበር።

አባቱ በሕይወት አሉ? ቮልሷስ የት ደረሰች? ተሸጠች? ተወረሰች? ዛሬም ግቢ ውስጥ ቆማለች? በደብዳቤሽ ውስጥ ይህ የለም። ምናልባት አንቺም ጠይቀሽው አታውቂም ይሆናል።

ፓርኪንግ መሥራቱም ተራ ነገር አይደለም። በዋሽንግተን ስንት ወገናችን ወጣትነቱን በዚያ ምድር ቤት እንዳሳለፈ አንቺም ታውቂያለሽ። የሰው ቁልፍ እየተቀበለ፣ የሰው መኪና እያቆመ፣ በስሙ የሚጠራው ሰው ሳያገኝ የሚውል ልጅ ነበር። ተመሳሳይ ታሪክ ያለው ሰው አማክሬ አውቃለሁ። 911 ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ቁልፉን እንደ ለመደው በመሪው ቀኝ ፈልጎ አጣው፤ በግራ ነበር። «ባለቤቱ ወደ ግራ ጠቆመኝና ‹ቀስ ብለህ ያዛት› አለኝ፤ ያን ቀን እንደ ሰው ታየሁ» ብሎኛል። የአንቺ ባለቤት ታሪክ ይሄ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ የእሱን የሚያውቀው እሱ ነው። ግን ያን ዘመኑን አንቺ አላየሽውም። ልጆቻችሁም አላዩትም። አብረውት የነበሩት ጓደኞቹ ተበትነው ይሆናል። ከዚያ ዘመን ጋር የቀረችው ምስክር ጋራዥ ያለችው መኪና ናት።

አንድ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ለአንድ መኪና ታማኝ ሆኖ መኖሩ እንግዳ ከሆነብሽ የእኛኑ ታሪክ አስቢ። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ፈረሱ የጌታውን ማንነት ይሸከማል፤ ያን ስም መጥራት ባለቤቱን ማወደስ ነበር። የፖርሽ ዓርማ መሃል ላይ ያለውም የሽቱትጋርት ከተማ ፈረስ ነው፤ የከተማዋ ስም ራሱ ከባዝራ ማርቢያ የመጣ ነው ይባላል። ሰው የሚጋልበውን ነገር ከራሱ ነጥሎ ማየት ድሮም ይከብደዋል።

ይህቺ መኪና ደግሞ የራሷ የጽናት ታሪክ አላት፤ ወዳጆቿ እርስ በርስ ሲተርኩት አይሰለቹም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኩባንያው መሪዎች ዘመኗ አልፏል ብለው፣ ሞተሯ ከፊት የሆነ፣ በውኃ የምትቀዘቅዝ 928 የምትባል ተተኪ አዘጋጅተውላት ነበር። በ1981 ኃላፊነቱን የተረከበው ፒተር ሹትዝ የዋና መሐንዲሱን የሄልሙት ቦትን ቢሮ ሲጎበኝ ግድግዳው ላይ የምርት ዕቅድ ተሰቅሎ አየ፤ የ911 መስመር እዚያው ዓመት ላይ ያበቃል። ሹትዝ ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው ቀለም አንስቶ መስመሩን ከወረቀቱ አሳልፎ እስከ ግድግዳው ድረስ ሳበው። አገሩን፣ የሥራ ቋንቋውን፣ አንዳንዴም ስሙን ሳይቀር የቀየረ ስደተኛ፣ ቅርጿን ሳትለቅ 60 ዓመት ያለፈች ነገር ላይ ልቡ ቢያርፍ አልፈርድበትም።

«በሽታ ነው?» ብለሻል። አይመስለኝም። ሞንትሪያል የሚሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ቫለራንድ ከ2003 ጀምሮ ባሳተማቸው ሥራዎች ሁለት ዓይነት ጥልቅ ፍቅርን ይለያል። በአንዱ ሰው የሚወደውን ነገር ይይዛል፤ ከቤተሰቡ፣ ከሥራውና ከሌላው ኑሮው ጋር አስማምቶ ይኖርበታል፣ ሲያስፈልግ ያስቀምጠዋል። በሌላው ግን የሚወደው ነገር እሱን ይይዘዋል፤ ከሌላው ኑሮው ጋር ያጣላዋል፣ እየጎዳውም አይለቀውም። የባለቤትሽን ኑሮ በዚህ ዓይን እዪው። ክረምቱን መኪናዋን ሳያወጣ ያሳልፋል። ሥራው አልተጓደለም፣ ማታ ቤቱ ነው። እስካሁን በጎ ነው። ብድሩን መደበቁ ግን ወደ ሁለተኛው የሚያንሸራትት እርምጃ ነው፤ አሁን መቆም አለበት።

ሽማግሌ አሁን አትላኪ። ሽማግሌ ባህላችን ነው፣ ብዙ ትዳር አድኗል። ግን የሚመጡት አባቶች የሚያዩት ለአሮጌ መኪና 18,000 ዶላር ያወጣ የልጆች አባት ነው፤ «ለቆርቆሮ!» ብለው ያሳፍሩታል። እሱም ይቅርታ ጠይቆ ጉልበት ስሞ ያድርና በልቡ ይርቅሻል። ያፈረ ሰው ሌላ ጊዜ ይበልጥ ይደብቃል። ከአንድ ወር በኋላም እንዲሁ ዝም ካለ ያን ጊዜ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሰው ይበቃል፤ ሦስት ሽማግሌ አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት አንቺው ተነጋገሪው፤ በሁለት ቀን ከፍለሽ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ገንዘብ ምንም አታንሺ። ማታ ጋራዥ ሲወርድ ቡና ይዘሽለት ውረጂና ጋቢና አጠገቡ ተቀመጪ። «የአባባ ቮልስ ምን ቀለም ነበረች?» በይው። ሌላ አትጨምሪ፣ ስሚው። አታቋርጪው፣ አትምከሪው። ካለቀሰም አትደንግጪ።

በሁለተኛው ቀን የባንኩን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና የምትፈልጊውን በግልጽ ተናገሪ፦ «ሽጣት ማለቴን አንስቻለሁ። ብድሩን ግን ደብቀኸኛል፤ ያመመኝ እሱ ነው። እንዴት እንደምንከፍለውና የልጃችን የትምህርት ገንዘብ እንዳይነካ ዛሬ እንወስን።» ለመኪናዋ በወር የሚመደብ፣ ሁለታችሁ የተስማማችሁበት ገንዘብ ይኑር። ከዚያ በላይ የሚያስወጣ ሥራ ሲመጣ መካኒኩ ቁልፍ ሳያነሳ በፊት ለአንቺ ይነገር። የቤቱ ብድርም ከዚህ በኋላ ያለ ሁለታችሁ ፊርማ እንዳይወጣ ባንኩን ጠይቁ።

ሁለት መከራከሪያ ሳያቀርብልሽ አይቀርም። «ዋጋዋ ጨምሯል» ይልሻል፤ እውነቱን ነው፣ በአየር የሚቀዘቅዙት 911ዎች ባለፉት ዓመታት በጣም ተወድደዋል። ግን የማይሸጡት ነገር ዋጋ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ አይሆንም። «ሞተሯ መሠራት ነበረበት» ይላል፤ እሱም እውነት ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የቫልቭ ጋይድ (ቫልቩ የሚንሸራተትበት ቱቦ) መበላት የታወቀ ድክመት ነው፤ ዘይት መብላት ከጀመረች ዞሮ ዞሮ ሞተር ማውረድ አይቀርም። ስለዚህ የሥራውን አስፈላጊነት አትከራከሪው። አስፈላጊ ከነበረ ለምን እንዳልነገረሽ ጠይቂው።

ይህን ምላሽ ካስነበብሽው ለእሱም አንድ ነገር አለኝ። ወንድሜ፣ ሚስትህ መኪናህን አልጠላችም። 19 ዓመት ጋራዡን ለቃልህ፣ ቅዳሜህን ለቃልህ ኖራለች። ስለ አባትህ የነገርካት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሷም ይኸው ሳትረሳው ለእኔ ጻፈችው። በ1955 የአሜሪካው ፖርሽ ክለብ የተመሠረተው እዚያው እናንተ ባላችሁበት በዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ ስለ ማርሽና ስለ ካምቢዮ የሚሰማህ ሰው እንደማታጣ አውቃለሁ። ስለ አባትህ ግን የሚሰማህ ማን ነው? እሷ ልትሰማህ ዝግጁ ናት። ብድሩን ስለ ደበቅሃት ደግሞ «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ከአንደበትህ መስማት አለባት፤ ምክንያት ሳታስከትል።

እኅቴ፣ ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው፤ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ ለወሬ ይመቻል። አብረሽው ሄደሽ እንደምታውቂ በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። የገንዘቡ ነገር መልክ ከያዘ በኋላ አንድ ቅዳሜ ተነሺ፤ ቁርስ ቋጥሪ፣ ሬዲዮ እንዳይከፍት ንገሪው። ያን ድምፅ ሲነሳ ስሚው። ስትመለሱ የቮልሷን ቀለም ጻፊልኝ።